«በሞቴ» የማይባልበት ጨዋታ

መርዶ በስልክ አይነገርም። ለንደን ብዙ ነገራችንን ብትለውጥም ይህችን ግን አልቻለችም። በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ማለዳ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ቫኔን ፓርክ ካደረግሁበት ስደርስ፣ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። መካከለኛዋ ጎረቤቴ አስካለ ነበረች። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የነበረባት ሴት ናት።

«ደረጀ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ሰው መሞቱን ከመንገሩ በፊት ሆድህ ባዶ እንዳይሆን የሚጨነቅ የእኛ ሰው ብቻ ነው።

«ጋሽ ሽፈራው ናቸው?» አልኳት። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። ልባቸው ከታመመ ሰንበትበት ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ሁላችንም ይነሳሉ ብለን ነበር። የቫኑን በር ከፍቼ ገባሁና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። የዚያን ቀን ዕቃው እንዲነሳለት የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ማን እንደደወለለት እንኳ አላስታውስም።

ጋሽ ሽፈራው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ በዕድሜም በቁመትም። እኔና እሳቸው ለብዙ ዓመት የቤት ዕቃ ስናጓጉዝ ኖረናል፤ ከሆሎዌይ ወደ ሃክኒ፣ ከሃክኒ ወደ ሆሎዌይ። የወረዳው ካውንስል ቤት የሰጠውንም፣ ሚስቱ ያባረረችውንም፣ ሁሉንም እናነሳለን። ሊፍት በተበላሸበት ሕንፃ ፍሪጅ ተሸክመን ስንወጣ እሳቸው ሁልጊዜ ከታች ናቸው። ክብደቱ ያለው ከታች ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እኔ ከታች ልሁን» ስላቸው፣ «አንተ ከላይ ሆነህ መንገዱን እይ» ይሉኛል። ሰላምታቸውም እንደ ሰው ሰላምታ አልነበረም። መዳፋቸውን ደረትህ ላይ ያሳርፉና ቀስ ብለው ይገፉሃል። ከተንገዳገድክ «እግርህ የት ነው?» ይሉሃል። ከቄሱ በቀር ያልገፉት ሰው የለም። ቄሱንም ባልማሯቸው ነበር፤ ግን መስቀል ይዘዋል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይከቱና አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሃክኒ ሜዳ ይሄዳሉ። እዚያ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት የሰፈር ክለብ አለ። ነርስ፣ ምግብ አመላላሽ፣ ተማሪ፣ ግንበኛ፣ ሁሉም የተሰበሰበበት ክለብ ነው። እዚያ «ኮች ሺፍ» ነው የሚሏቸው። ሥራቸው ታይት ኢንድ የሚባሉትን ተጫዋቾች ማሠልጠን ነበር። መጀመሪያ ይዘውኝ የሄዱ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሜ፣ «ይሄ እግር ኳስ ነው እንዴ ጋሼ? እግሩ የታለ?» አልኳቸው።

«ዝም ብለህ እይ» አሉኝ። «መሃል ላይ የተደረደሩት አምስት ከባባድ ልጆች መግፋት ብቻ ነው ሥራቸው፤ ኳስ አይነኩም። ዳር ያሉት ቀጫጮች ሮጠው የሚወረወረውን ይይዛሉ፤ አይገፉም። ታይት ኢንዱ ከመጨረሻው ገፊ ጎን ይቆማል። አንዴ ይገፋል፣ አንዴ የሚገፋ መስሎ ሾልኮ ኳስ ይይዛል። ድግስ ላይ ወጥ ሲያዞር ቆይቶ፣ ደግሞ ከእንግዳ እኩል ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው አለ አይደል? እሱ ነው።»

ለልጆቹ ዘወትር የሚነግሯቸው አንድ ነገር ነበር። «መጀመሪያ ግፋ። ከዚያ ዞር በልና እጅህን አሳይ። ወርዋሪው ያላየው እጅ ባዶ እጅ ነው።» አንድ ልጅ ገፍቶ ገፍቶ ከዞረ በኋላ እጁን ካላነሳ ጨዋታውን አስቁመው እንደገና ያስደግሙታል።

የሚገርመኝ ግን፣ ሜዳ ላይ ይህን የሚያስተምሩ ሰው ከሜዳ ውጭ እጃቸውን አሳይተው አያውቁም። ይሉኝታ ጠፍሮ የያዛቸው ሰው ነበሩ። ሶፋና ቁም ሳጥን ስንጭን ውለን፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ ያገራችን ሰው ቤት ገብተን «ኑ ብሉ» ስንባል፣ «አይ፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው» ይላሉ። የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ትላለች። «አይሆንም፣ አትቸገሪ» ይላሉ። «በሞቴ አፈር ስሆን» ስትል ነው ቀስ ብለው እጃቸውን ለመታጠብ የሚነሱት። እኔ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ነው ቁጭ የምለው። ሆሎዌይ ያለ አበሻ ሁሉ በዚህ ያማኛል። «አንተ ልጅ፣ ሰው ምን ይለናል?» ይሉኛል ወደ ቫኑ ስንመለስ። «ጠግቦ ሄደ ይለናላ» እላቸዋለሁ። ደረቴን ይገፉኛል።

የአስካለን ልጅ ናትናኤልን ወደዚህ ጨዋታ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሕንፃችን ሊፍት ውስጥ ተገናኙና እንደ ልማዳቸው ደረቱን ገፉት። ልጁ አልተነቃነቀም። ያኔ ገና ጉርምስና የጀመረው ልጅ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሃክኒ ሜዳ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ናቲ ሌላ ነገር ፈልጎ አያውቅም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አሜሪካ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ታይት ኢንድ ሆኖ መጫወት። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልማይ ይልካሉ፤ ተጫዋች መርጠው የትምህርትና የቡድን ቦታ አንድ ላይ ይሰጣሉ። አስካለ መጀመሪያ፣ «ልጄን ሊሰባብሩት ነው» ብላ ጋሽ ሽፈራውን አኩርፋ ነበር። ትምህርቱ አብሮ እንዳለ ስትሰማ ግን በልቧ ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረች።

ናቲ አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ ደረሰ። የዚያን ዓመት ቦታ ካላገኘ ነገሩ አብቅቶለታል። ከጓደኞቹ አንዱ ሥራ የሚያስገባበት መጋዘን ነበረ፤ አፕላይ ለማድረግም ፎርሙን ከፍቶ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጠይቀውት ነበር። አንዱ አወፍሮ ከገፊዎቹ ጋር ሊያሰልፈው አሰበ። ሌላው ጨርሶ ታይት ኢንድ የሌለበት አጨዋወት ነው ያለው፤ ሜዳውን በቀጫጭን ሯጮች ይሞላዋል። ጋሽ ሽፈራው ሁለቱንም ተዉት አሉ። «ቦታ ሰጡህ ማለት ቦታ አለህ ማለት አይደለም» አሉት።

መልማዮች ተጫዋቹን መጀመሪያ የሚያዩት በቪዲዮ ነው። ናቲ ያዘጋጀውን ቪዲዮ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብለን አየነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገፋል። እሱ ገፍቶ መንገድ ይከፍታል፣ ሌላው ልጅ ሮጦ ያገባል።

«አንተ ኳስ ስትይዝ የታለ?» አልኩት።

«ሾው ኦፍ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው» አለኝ፣ መስኮቱን እያየ።

«ጨዋ ልጅ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ይሄ ልጅ በዚህ አያያዙ የትም አይደርስም ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ። አንድ ኮች ብራያን የሚባል መልማይ፣ ልጅ ሁሉ ኳስ ሲይዝ ብቻ እየቆረጠ ሲልክለት ሰልችቶት ኖሮ፣ ይህን የሚገፋ ልጅ ሲያይ ለንደን በመጣበት አጋጣሚ ቤተሰቡን ካላየሁ አለ።

አስካለ ቤቷን አጥባ ጠበቀችው። እኔ ከባቡር ጣቢያው በቫን አመጣሁት፤ ከመግባታችን በፊት ግን ጋሽ ሽፈራው ጥግ ወስደው፣ «አንተ ዛሬ አፍህን እንዳትከፍት። ይሉኝታ የለህም፣ ታዋርደናለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ኮች ብራያን አንገተ ወፍራም፣ ትሑት ጎልማሳ ነበር። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያ ጠየቁት፤ «በእናንተ አጨዋወት ስንት ታይት ኢንድ ይሰለፋል?»

«ሁለት» አላቸው። «አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ሜዳ ላይ ናቸው።»

«በሦስተኛው ሙከራስ?»

ይህ የሳቸው የሚስጥር ጥያቄ ነበር። አንድ ቡድን አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው፤ ሦስተኛው ላይ ነው ጭንቁ። ያን ጊዜ ኳስ የሚወረወርለት ሰው የሚታመን ሰው ነው።

«መጀመሪያ የምናየው ታይት ኢንዱን ነው» አለ ኮች ብራያን።

ጋሽ ሽፈራው ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። የፈለጉት ቦታ ይኸው እቤት ድረስ መጥቶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

አስካለ ምግብ አቀረበች። ሰውየው በላ። ስትጨምርለት «ኖ ታንክ ዩ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። «በሞቴ» አለችና ጨመረችለት። በላ። «እውነቴን ነው፣ አልችልም» አለ፣ ሆዱን ይዞ። «እንዴ፣ ምን በላህና» ብላ ጥብሱን ገለበጠችለት። ምስኪኑ ያንንም በላው። ፊቱ ቀልቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

«ናትናኤልን እንፈልገዋለን። ለአንድ ታይት ኢንድ ቦታ አለን። እናንተስ? ወደ እኛ እንዲመጣ ትፈልጋላችሁ?»

አስካለ እጇን አወናጨፈች። «ኦ ኖ፣ ኖ፣ አይቸገሩ። ሌሎች ብዙ ጎበዝ ልጆች አሉ» አለች በእንግሊዝኛዋ።

ኮች ብራያን ወደ ልጁ ዞረ። ናቲ ምንጣፉን እያየ፣ «ከእኔ የሚሻሉ አሉ፣ ሰር» አለ።

ወደ ጋሽ ሽፈራው ዞረ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ገና ብዙ ይቀረዋል» አሉ።

የእሳቸውን እጅጌ ጎተትኩ። «ጋሼ፣ ሰውየው የምሩን ነው የሚጠይቀው» አልኳቸው በአማርኛ።

«ዝም በል። ገና ነው» አሉኝ።

ሦስቱም ቁጭ ብለው ጠበቁ። የሚጠብቁት ሁለተኛውን ጥያቄ ነበር፤ ኮች ብራያን «በሞቴ» እስኪል። እሱም ትንሽ ጠበቀ። እጆቹን አየ። ከዚያ ተነሣና፣ «ገብቶኛል። ስለ ምግቡ በጣም አመሰግናለሁ» ብሎ አንድ በአንድ ጨብጦን ወጣ። ጣቢያ ሳደርሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አፍህን ዝጋ ተብያለሁ። ስመለስ አስካለ ሳህን እያነሳች፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው። ነገ ይደውላል» ትላለች።

ነገ አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም። በሚቀጥለው ሳምንት ሆሎዌይ አንድ ሕንፃ ሥር ቫኑን ስንጭን ናቲ እየሮጠ መጣና ስልኩን ለጋሽ ሽፈራው ሰጣቸው። «የቤተሰባችሁን ውሳኔ አከብራለሁ። ሌላ ልጅ ጠይቀናል። መልካም ዕድል» ይላል።

«ውሳኔ? የምን ውሳኔ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። ደግመው አነበቡት። ናቲ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ፣ እንዳያዩት ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ቁመቱ ከበር የሚበልጥ ልጅ እንደዚያ ቀን አጥሮ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ሽፈራው ቫኑ ውስጥ የጫንነው የሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አሉ። ያን ቀን ነው ስለ ራሳቸው የነገሩኝ። በወጣትነታቸው አሜሪካ አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ተማሪ ነበሩ። ቁመታቸውን አይተው ጎትተው ሜዳ ያስገቧቸው፣ ታይት ኢንድ ያደረጓቸው እዚያ ነው። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ አሠልጣኛቸው ቢሮ ጠርቶ፣ ረዳት ሆነህ እዚሁ ትቀራለህ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔም፣ ኧረ ከእኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም አልኩት። በልቤ ግን ሻንጣዬን ፈትቼ ተቀምጫለሁ።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ የሚሻል ሰው አልጠፋም።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቃቸውን አልጨረሱትም። «ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ስንት ጊዜ በቢሮው በር አለፍኩ መሰለህ። እኔ በወጣትነቴ ነው፣ አላወቅሁም፤ እሺ። አሁን ግን አውቄ፣ በሽበቴ፣ ልጁን እዚያው ጉድጓድ ከተትኩት።»

«ታዲያ ይደውሉለታ።»

«ምን ብዬ? እምቢ ብለን መልሰን ልንለምን? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው።»

«ይጩኻ፣ ጋሼ። ጅቡ እንደሆነ ስልክ ቁጥሩን ትቶልናል።»

 ከዚያ ተነሡና የቀረውን ዕቃ ጫንን።

እሑድ ሃክኒ ሜዳ ላይ ናቲን ለብቻው ወሰዱት። «እፈልጋለሁ በል» አሉት። ልጁ አጉረመረመ። «ድምፅህ የት ነው? ሰውየው ባሕር ማዶ ነው ያለው። እፈልጋለሁ በል።» ናቲ ጆሮው ድረስ ቀላ። «ኮች፣ እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ይበሉት» አላቸው። ጋሽ ሽፈራው አፋቸውን ከፈቱ።  ሳል ያዛቸው። እኔ እንዴት እንደሚባል ላሳያቸው ብዬ ከሜዳው ዳር በሙሉ ድምፄ «እፈልጋለሁ» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቱ የሚያዝናናው ውሻ ዞሮ አየኝ። «አንተማ ስትወለድም እንደዚሁ ብለህ ነው» አሉኝ። ግን እየሳቁ ነበር፤ ስቀው ሲያበቁም ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ለኮች ብራያን፣ ልናነጋግርዎ እንፈልጋለን ብለው ጻፉ። «እንፈልጋለን» የምትለዋን ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አጥፍተው እንደገና ጻፏት።

ኮች ብራያን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ አለ፤ በእሱ አገር ጠዋት ነው። በአስካለ ሳሎን ውስጥ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፈን ተሰበሰብን። ጋሽ ሽፈራው የፋሲካ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የሰውየው ፊት ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ከወንበራቸው ሊነሡ ቃጣቸው።

«ኮች ብራያን» አሉ፤ «ባለፈው እዚህ ቤት ሲበሉ ጠገብኩ አሉ። አስካለ ግን አላመነችዎትም። በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው። ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ካልለመነህ እሺ አትልም። እኛም ያን ቀን አይሆንም ስንልዎ፣ ሰላም ማለታችን ነበር።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «እኔ ግን የምሬን ጠግቤ ነበር» አለ።

«እኛ ደግሞ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ «የምራችንን ርቦን ነበር።»

ኮች ብራያን ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠው። ለሌላ ልጅ ቦታውን እንደሰጠ፣ ልጁም እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ እንደሚሰጥ፣ ቃሉን ማጠፍ እንደማይችል ነገራቸው።  ከዚያ፣ «ቢሆንም ልስማው። ናትናኤል፣ አንተ ትፈልጋለህ?» አለ።

ናቲ እናቱን አየ። እናቱ መሬት መሬት ታያለች። ጋሽ ሽፈራውን አየ። እሳቸው እንኳን ሊገፉት፣ አልነኩትም። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር፤ እኔም ጭምር፣ ያውም እኔ።

«አይ ዎንት ኢት» አለ ልጁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እፈልጋለሁ። ቪዲዮው ላይ ያላስገባሁት አለ፤ ኳስ እይዛለሁ። በደንብ እይዛለሁ። በሦስተኛው ሙከራ ለእኔ ወርውሩልኝ፣ አልጥለውም።»

አስካለ አፏን በእጇ ያዘች። ልጇ በትልልቅ ሰዎች ፊት ራሱን ሲያወድስ ሰምታ አታውቅም። ቀጥላ ግን፣ እሷም ከኋላ ተንጠራርታ ወደ ስልኩ፣ «እኔም እናቱ እፈልጋለሁ። ትምህርቱን ግን በየጊዜው ቼክ አደርጋለሁ» አለች።

«ይህን ነበር ያን ቀን መስማት የፈለግሁት» አለ ኮች ብራያን። «ኳስ ስትይዝ የሚያሳየውን ዛሬውኑ ላክልኝ። ያኛው ልጅ አልመጣም ካለ ቦታው ያንተ ነው።» ደህና ሁኑ ብሎ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ሽፈራው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል» አሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። «እኔም እፈልጋለሁ።»

«ምን?» አለ ሰውየው።

«ሜዳችሁን ማየት። ልጁ መጣም አልመጣም። ታይት ኢንዶቹ ሲለማመዱ ዳር ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።»

እነዚያን ሁሉ ዓመታት አብሬያቸው ስሠራ ለራሳቸው አንድ ነገር ሲጠይቁ ያን ቀን ገና ሰማሁ። ኮች ብራያን፣ «በፈለጉበት ጊዜ ይምጡ» አላቸው፤ እንደዚህ ቀላል ነገር ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሽ ሽፈራው ኮታቸውን አወለቁና አስካለን፣ «የሚበላ ነገር አለ?» አሏት።

ሳምንቱ እስኪያልቅ ሁላችንም አበድን። ዓርብ ዕለት እኔና ጋሽ ሽፈራው አንድ ጠባብ ደረጃ ላይ ትልቅ ቁም ሳጥን ተሸክመን መሃል ላይ ተቀርቅረናል፤ እሳቸው እንደተለመደው ከታች። ናቲ ከታች ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ መጣ። ያኛው ልጅ ለቤቱ የሚቀርብ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መርጧል። «ሰጡኝ፣ ኮች» አለ። «ሰጡኝ።» ቁም ሳጥኑን ማውረጃ ቦታ የለም። ጋሽ ሽፈራው እጃቸውን ማንሣት ስለማይችሉ እንባቸው እንዲሁ በአገጫቸው ሲወርድ ከላይ ሆኜ አየሁ። «ከኋላ ግባና ያዝልኝ» አሉት ናቲን። ለሦስት ሆነን አወጣነው።

ባለፈው ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጋሽ ሽፈራው ናቲ የሚጫወትበትን ሜዳ ሊያዩ አሜሪካ ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሲመለሱ ብዙም አልነገሩኝም፤ «ሣሩ ጥሩ ነው» ብቻ ነው ያሉኝ። የቀረውን የሰማሁት ከናቲ ነው። ለቀብሩ መጥቶ፣ የሃክኒ ልጆች አንድ ላይ ሆነው ሬሳውን ሲሸከሙ እሱም ከመሃላቸው ነበር። ከዚያ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀስ ብሎ ይነግረን ጀመር።

«ዳር ቆመው ያዩ ነበር» አለ። «ኮች ብራያን መጣና፣ ኮች ሺፍ፣ ለልጆቹ የሆነ ነገር ቢሏቸው ደስ ይለኛል አላቸው። አንዴ ብቻ ነው ያላቸው። እኔ በቃ አሁን፣ አይ፣ እናንተ ትበልጣላችሁ ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አይ ስዌር፣ ዓይኔን ስገልጥ ጃኬታቸውን ለአንዱ ልጅ አስይዘው መሃላቸው ገብተዋል።»

«ከዚያስ?» አለችው እናቱ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ከዚያማ ማን ያስቁማቸው። ኮች ብራያን ስንት ጊዜ በቃ ሊላቸው መጥቶ ተመለሰ። ፀሐይ ገባች። በመጨረሻ የሜዳውን መብራት አበሩላቸው።»